መኪናዎ «እግሩ ላልቷል» ሲባል

ጎተራ ማሳለጫ አጠገብ ቆሞ ትራፊኩን ለጥቂት ደቂቃ ያስተዋለ ሰው፣ አዲስ አበባ ምን ያህል በአሮጌ መኪና እንደምትንቀሳቀስ ይረዳል። ከሳሪስ ወደ በቅሎ ቤት፣ ከጎፋ ወደ ወሎ ሰፈር ከሚጣደፉት መካከል ብዙ ዓመት ያገለገሉ ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ሚኒባሶች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለችው መኪና ገና ለዓመታት ታገለግላለች። በዓመታዊው ምርመራ «እግሩ ላልቷል» ሲባልም ባለቤቱ ቦሎ ስለመለጠፍ ብቻ ማሰብ የለበትም። የትኛው ዕቃ ዛሬውኑ መቀየር አለበት? የትኛውስ ጥቂት ጊዜ ይታገሣል? መልሱ የሚገኘው እያንዳንዱ ዕቃ ከሚሠራው ሥራ ነው።

የመኪና እግር ሁለት ሥራ አለው፤ ንዝረትን ማብረድና ጎማን በቦታው መያዝ። የመጀመሪያውን ሞላና አሞርዛተር ይጋሩታል። ሞላ በተጫነው ኃይል ልክ ይጨመቃል፤ ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 አሳትሞታል። የተጨመቀ ሞላ ግን ያከማቸውን ጉልበት መልሶ ይለቃል። ገቺ ከሌለው የመኪናው አካል በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ ፈጠን ብሎ ይወዛወዛል፤ ጎማው ደግሞ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ይነጥራል። ይህን የሚገታው አሞርዛተር ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ሲፈስ ወይም ቫልቮቹ ሲያልቁ ጎማው በየጉድጓዱ ከአስፋልቱ ላይ እየተነሣ ይዘላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ ለመሪም አይታዘዝም።

ዘመናዊ መመርመሪያ ይህንኑ ይለካል። ጎማው የቆመበት ሰሌዳ በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ከተንቀጠቀጠ በኋላ እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ ጎማው ሰሌዳውን የሚጫንበት ኃይል እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ይመዘገባል። ዩሳማ በተባለው የአውሮፓ መለኪያ፣ ዝቅተኛው ኃይል መኪናው ቆሞ ከሚኖረው ጫና ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ እግሩ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች ከወረደ ደካማ ነው። መሣሪያ በሌለበት የመኪናውን አንድ ጥግ ተጭኖ መልቀቅ ይቻላል። ደጋግሞ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ አልቋል። ሆኖም ይህ ዘዴ የሚያጋልጠው ክፉኛ የተጎዳውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ የበለጠ ያስጨንቃል። ጎማውን በቦታው የሚይዙት ቦል ጆይንት፣ የመሪ ዘንግ ጫፍ ወይም ታይሮድ፣ እንዲሁም ከላስቲክ የተሠሩት ጎሚኒዎች ናቸው። ቦል ጆይንት እንደ ሰው የዳሌ መገጣጠሚያ ነው፤ ክብ ብረት በግሪስ ተከቦ በጎድጓዳ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። የላስቲክ ሽፋኑ ሲቀደድ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ከግሪሱ ጋር ተደባልቆ ብረቱን ይሞርደዋል። ጎሚኒ ደግሞ በሙቀት፣ በዘይትና በአየሩ ኦክስጅን እየደረቀ ይሰነጠቃል።

እነዚህ ዕቃዎች የሚሸከሙትን ኃይል በስሌት ማየት ይቻላል። ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትዞር፣ ወደ ጎን የሚሠራው ኃይል ከ250 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይተካከላል። አብዛኛው በውጭ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ እንደ ጎተራ ባለ ማሳለጫ ጠመዝማዛ መውጫ ላይ ፍሬን ሲያዝም ይጨምራል። በብዙ ኮሮላዎችና ቪትዞች የፊት እግር ላይ ጎማውን ከታች የሚይዘው አንድ ቦል ጆይንት ብቻ ነው። እሱ ከቤቱ ከወጣ ጎማው ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ሹፌሩ መሪ ቢያዞርም መኪናው አይታዘዝለትም።

የጥገናው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ከቆመ በኋላ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ከተንቀሳቀሰ ረዳት ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ይጠረጠራል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቃነቅ የሚሰማ ክፍተት ብዙውን ጊዜ የታይሮድ ነው። ቦል ጆይንትና ታይሮድ ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ቀጥሎ አሞርዛተር በጥንድ፣ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ በፍሬን ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል። ከዚያ ጎሚኒዎቹ ይከተላሉ፤ በመጨረሻ የጎማው አቅጣጫ በአላይመንት ይስተካከላል።

ጎሚኒ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። አብዛኛው ጎሚኒ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የሚሠራው በመጠማዘዝ ነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲያርፍ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ማጥበቅ መሆን ያለበት መኪናው በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ ነው። ሞላ የሚፈታ መካኒክም ትክክለኛ መጨመቂያ ሊኖረው ይገባል፤ የተለመደ የፊት ሞላ 15 ሴንቲ ሜትር ሲጨመቅ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል፣ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል።

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ በቅናሽ ይገኛል። ለበር ወይም ለመብራት ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ቦል ጆይንት ግን ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም፤ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጎሚኒም የመጀመሪያውን ጥንካሬና መጠን አይጠብቅም። ከመሬት ከፍ እንዲል ከሞላው ሥር ውፍረት የተጨመረለት መኪናም ቦል ጆይንቱ ባልታሰበለት ማዕዘን ስለሚሠራ በቶሎ ያልቃል።

የምርመራ ወረቀትዎን ይዘው ጋራዥ ሲሄዱ የላላው ዕቃ በስሙ ተለይቶ እንዲነገርዎ ይጠይቁ፤ የተፈታውንም አሮጌ ዕቃ ይመልከቱ። ገንዘብ ካጠረዎ አሞርዛተሩ እስኪቀየር በዝግታ እየነዱ ጥቂት ሊታገሡ ይችላሉ። ቦል ጆይንቱ ወይም ታይሮዱ ካለቀ ግን እስኪቀየር ድረስ መኪናውን ያቁሙ።