በሰው ጎርፍ መካከል፦ የሐጅ እግረኛና ማደሪያው



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚሄድ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዘ ወለቃን ያገኛል። ብዙዎቻችን ወለቃን የምናውቃት በሸክላ ሥራዋ ነው። ይህ የሰሜን አቅጣጫ ግን ለጎንደር ሙስሊሞች ሌላም ትዝታ አለው። መኪናና አውሮፕላን ባልነበሩበት ዘመን ነጋዴዎች የሊማሊሞን ገደል ወርደው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ በአድዋ በኩል ምጽዋ የሚደርሱት በዚህ በኩል ነበር። ከምጽዋ ባሕሩን ያቋረጠ ጅዳ ይገባል፤ ጅዳ የገባ ደግሞ መካ ቀርቦታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚህ መንገድ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ እ.ኤ.አ. ከ1769 መጨረሻ እስከ የካቲት 1770 ድረስ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶበታል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የመተማና የሱዳን መንገድ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የተነሡ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች በዚያ በኩል ሲያልፉ ኖረው፣ ከፊሎቹ በመተማና በገላባት አካባቢ ሰፍረው ቀርተዋል።

የዚያ ዘመን ተጓዥ ጭንቀቱ የሰው መብዛት አልነበረም። ሽፍታው፣ ወባው፣ ውኃ ጥሙና የማደሪያ እጦቱ ነበር። ሌሊቱን የሚያሳድረው ወይ መስጊድ ወይ የእምነት ወንድሙ ቤት ነው። ራቅ ብሎ ግብፅ ለደረሰውም አላህ ማረፊያ አላሳጣውም፤ በካይሮው አል-አዝሃር መስጊድ ከሀገራችንና ከአካባቢዋ ለሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። የታወቀው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) አባቶች የዚያ ሪዋቅ ኃላፊዎች ነበሩ።

ዛሬ የመንገዱ ርዝመት በአውሮፕላን ወደ ጥቂት ሰዓታት ወርዷል። ፈተናው ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ከመካ ሚና፣ ከሚና አረፋ፣ ከአረፋ ሙዝደሊፋ፣ ከዚያም ተመልሶ ሚና ባለው አጭር መንገድ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሕዝብ ይተምማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሑጃጅ ነበሩ። ከአረፋ እስከ ሙዝደሊፋ ያለው ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ለወለቃ ገበሬ ከገበያ ሄዶ እንደመመለስ ነው። ነገር ግን ገበያ የሚሄድ ሰው ከፊቱም ከኋላውም መቶ ሺዎች አይከተሉትም።

ካለፈው እንማር

ያለፉትን አደጋዎች የምናነሣው ሰውን ከሐጅ ለማስፈራራት አይደለም፤ ሰበቡን አውቀን እንድንጠነቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1990 ወደ ሚና በሚወስድ የእግረኞች ዋሻ ውስጥ በደረሰ ግፊያ 1,426 ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 15 ቀን 1997 በሚና ድንኳኖች ላይ የተነሣ እሳት 343 ሰዎችን ፈጀ። በጥር 2006 ጀመራት ላይ ከ340 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። በመስከረም 2015 በሚና መንገድ ላይ በደረሰው ግፊያ የሳዑዲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 769 ሲል፣ የየሀገሩ ቆጠራ ሲደመር ግን ከ2 ሺህ በላይ ሆኗል።

ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ የተደረገ ነገር አለ። ከ1997ቱ ቃጠሎ በኋላ የሚና ድንኳኖች እሳትን በሚቋቋም ጨርቅ ተተክተዋል። ከ2006ቱ በኋላ ጀመራት ላይ መግቢያና መውጫው የተለያየ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሰፊ ድልድይ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮም ሚናን፣ ሙዝደሊፋንና አረፋን የሚያገናኝ ባቡር አለ። ይሁን እንጂ ድልድይም ባቡርም የሰውን ጥንቃቄ አይተካም።

ግፊያ ሰውን የሚገድለው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚሞተው በእግር ተረግጦ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰው የሚሞተው ቆሞ ሳለ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ሲጨመቅ ደረቱ ተነፍቶ አየር ማስገባት ያቅተዋል። ከኋላ ያለው ደግሞ ፊት ያለው መቆሙን አያይም፤ መንገዱ የዘገየ መስሎት ይገፋል። ክፋት ሳይኖር ወንድም ወንድሙን የሚገድለው እንዲህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስትና ስድስት ሰው በላይ ሲቆም ሰው እግሩን በፈቀደው ቦታ ማሳረፍ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወስደዋል።

ስለዚህ ትከሻዎ ከሰዎች ትከሻ ጋር መነካካት ሲጀምር ወደ ዳር ለመውጣት ያስቡ። እስኪጨናነቅ አይጠብቁ። ከጎርፉ ተቃራኒ አይሂዱ፤ ሰዉ ባዘገመ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያሉ በአግድም ወደ ጠርዝ ይውጡ። ሁለት እጅዎን ደረትዎ ፊት አጥፈው ለመተንፈሻ የሚሆን ቦታ ይያዙ። ነጠላ ጫማ ቢወልቅ፣ መቁጠሪያ ቢወድቅ፣ ለማንሣት ጎንበስ አይበሉ። የወደቀው ነገር ይቅር፤ ሕይወት ይበልጣልና።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈለግ

ስለ መጨናነቅ መጀመሪያ የነገሩን ሐኪሞችና መሐንዲሶች አይደሉም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአረፋ ሲነሡ ሕዝቡ እንዲረጋጋ፣ መልካምነት በመሮጥ እንዳልሆነ አስተምረዋል። ሰውነታቸው ከብዶ እርምጃቸው ለዘገየው ለእናታችን ሰውዳ (ረ.ዐ.) ሕዝቡ ሳይንቀሳቀስ በሌሊት ከሙዝደሊፋ እንዲወጡ ፈቅደዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው ከቤተሰቡ ደካሞች ጋር ቀድመው ከተላኩት አንዱ ነበሩ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ከሰዎቹ ኋላ ሆነው በእንስሳ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ አድርገዋል።

እንግዲህ ሃይማኖታችን ለደካማ ይህን ያህል ካዘነ፣ የሰባ ዓመት እናታችንን «በሰዓቱ ካልደረስን» ብለን ጀመራት ላይ የምንጎትታቸው ለምንድን ነው? ጠጠር መወርወር ላቃተው ሌላ ሰው ሊወረውርለት እንደሚችል ዑለማዎች ገልጸዋል። ሐጀረል አስወድን ለመሳም ብሎ ሙስሊምን መግፋትም ሱና ፈልጎ ሐራም ላይ መውደቅ ነው።

ማደሪያው

በሚና ከ100 ሺህ በላይ ድንኳኖች አሉ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እኔ ይህን የተረዳሁት በአክስቴ ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ጥቂት ዓመታት በፊት ሐጅ ሄደው ሳለ፣ ለውዱእ ወጥተው ሲመለሱ ድንኳናቸው ጠፋቸው። የአድራሻ ካርዱን የቡድናቸው መሪ «እንዳይጠፋ» ብሎ ከሁሉም ሰብስቦ ይዞት ነበር። ዐረብኛ አይችሉም፤ ስልክ አልያዙም። መሽቶ እግራቸው ሲዝል ከማያውቋቸው የሱዳን ሴቶች ድንኳን ደጃፍ ተቀመጡ። ሴቶቹ አስገብተው፣ ውኃ ሰጥተው፣ ከጠባቡ ፍራሻቸው ከፍለው አሳደሯቸው። በማግስቱ ወገኖቻቸው አገኟቸው።

«ፈርተው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያ ሁሉ ሰው ሞልቶ ምን ያስፈራል ልጄ! ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ የሰፈሬን ቁጥር የሚነግረኝ አንድ ሰው ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር» አሉኝ።

ካርዱ በተጓዡ አንገት ወይም ክንድ ላይ ይሁን እንጂ በመሪ ቦርሳ ውስጥ አይደር። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በአቅራቢያው ያለውን ድልድይ፣ ቋሚ ምሰሶ ወይም መታጠቢያ ቤት በዓይናቸው እንዲለዩ ገና ፀሐይ ሳለ አብሮ ሄዶ ማሳየት ያስፈልጋል። ድንኳን ውስጥ ምድጃ አይለኮስ። ቦታው ጠባብ ስለሆነም የሚያስፈልገውን ብቻ መያዝ፣ ለጎረቤት ማስፋት፣ ስለ ፍራሽ አለመጨቃጨቅ ይገባል። በሱረቱል በቀራ 197ኛ አንቀጽ በሐጅ ጊዜ ከክርክር መራቅ የታዘዘው ለዚህ ዓይነቱም ቀን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ማደሪያ ሳይኖር መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የመካ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለፈበት ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ ባለሥልጣናት ገልጸዋል፤ ከእነዚህ መካከል 83 በመቶዎቹ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። ፈቃድ የሌለው ሰው ድንኳንና ቀዝቃዛ ማረፊያ አያገኝም፤ ረጅሙን መንገድ በፀሐይ በእግሩ ይሄዳል። «በጉብኝት ቪዛ አስገባችኋለሁ፤ ይረክሳል» የሚል ደላላ ሲመጣ ይህን እናስታውስ። ሐጅ ግዴታ የሆነው አቅሙ ላለው ነው፤ አቅም ማለትም ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከቤት ሳይወጡ

ልጆች ሆይ! ወላጆቻችሁን የምትሸኙት በስንቅና በእንባ ብቻ አይሁን። ከጉዞው ሁለትና ሦስት ወር አስቀድማችሁ ጧት ጧት አብራችሁ በእግር ሂዱ፤ የወለቃ ልጅ ከሆናችሁ እናታችሁን ይዛችሁ ጎንደር ደርሳችሁ ተመለሱ። በመንገዱ የሚያደርጉትን ነጠላ ጫማ እዚሁ ይለምዱት፤ አዲስ ጫማ በአረፋ እግር ይልጣል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በሁለት ቦታ ከፍላችሁ ያዙላቸው። ጃንጥላና የውኃ መያዣ አትርሱ። ስማቸውን፣ የሀገራቸውንና የቡድናቸውን ስም በዐረብኛ ጽፋችሁ በአንገታቸው አንጠልጥሉላቸው። ከሁሉ በላይ በዕድሜ ከሚቀርባቸው አንድ ሰው ጋር አጣምሯቸው፤ ሁለቱ አንዱ ያለ አንዱ ከድንኳን እንዳይወጡ ቃል ያስገቧቸው።

አባቶቻችን ሊማሊሞን ወርደው፣ የመተማን በረሃ አቋርጠው ሐጅ ያደረጉት መንገዱ በሚጠይቀው ትዕግሥት ነበር። የእኛ መንገድ የሚጠይቀው ትዕግሥት ሌላ ነው፤ አለመግፋት፣ ለሌላው ማስፋት፣ የጠፋን ሰው ማስጠጋት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሐጅ የተነሡትን ሁሉ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን፤ ላልሄድነውም ይወፍቀን። አሚን!