የፓምፑ ነዳጅ

ግንቦት ላይ አንድ የፋይናንስ ተቋም ስለ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግንባታ ስብሰባ ጠራን። ሥራው ከቆመ 5 ዓመቱ ነው፤ አራት ቤዝመንት ተቆፍሮ፣ ዙሪያው በፓይልና በአንከር ተደግፎ፣ ማቱ (ወፍራሙ የኮንክሪት መሠረት) ተሞልቶ፣ ኮለኖቹ ገና ክንድ ያህል ሳያድጉ ቀረ። ውይይቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሰብሳቢው «ዘንድሮም አልተመቸንም፤ አንድ ዓመት ይቆይ። የተሠራው እንደሆነ የት ይሄዳል?» አሉ። ቅን ሰው ናቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁላችንም ፈረምን፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ «የት ይሄዳል» ከራሴ አልወጣ አለች።

በሙያዬ ዘመን ከባለሀብትም፣ ከባንክ ሰውም፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሰምቻታለሁ። ግንባታው ሲቆም ወጪውም የሚቆም፣ የተሠራውም ጎተራ እንደገባ እህል የሚቀመጥ ይመስላቸዋል። እህል እንኳ ጎተራ ገብቶ ነቀዝ ይጠበቅለታል።

ውሃውን እንውሰድ። ከመሬት በታች ያለ ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታው በካሬ ሜትር 1 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። የ1 ሜትር ውፍረት ኮንክሪት ደግሞ 2 ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል። የእኛ ማት 2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ውሃው ከግርጌው 5 ሜትር ከፍ ካለ ማቱ እንደ ጀልባ መነሣት ይጀምራል። ዲዛይን ስናደርግ ይህ ያላስጨነቀን 30 ፎቅ ይጫነዋል ብለን ስለነበር ነው። ፎቆቹ የሉም። እስኪመጡ ድረስ ሕንፃውን የያዘው ፓምፕ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ ነዳጅና ሰው ይፈልጋል። ነዳጅ የማይገኝ ከሆነ ቤዝመንቱን አስበን በውሃ መሙላት ይቻላል፤ ውሃው ራሱ ሸክም ይሆናል። ይህን ስናገር ግን ሰው ያበድኩ ይመስለዋል፤ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ለእሱ የተረሳ ጉድጓድ ነው።

አንከሮቹም እንዲሁ ናቸው። በአውሮፓ ስታንዳርድ ጊዜያዊ አንከር የሚባለው እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል ነው። የእኛዎቹ የጎረቤትን ግቢ ተሸክመው 5 ክረምት አሳልፈዋል። ስለ ፌሮው ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ላይ ላዩን ያለው ዝገት ግን በብሩሽ ይጠረጋል። የሚያሳስበኝ ከኮንክሪቱ በሚወጣበት ሥፍራ ውሃ የሚያቁርበት ነው፤ ብረቱ የሚቀጥነው እዚያ ነው።

የሕንፃ ኮዱም አይጠብቅም። ይህ ሕንፃ የተሰላው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኮድ ነው፤ ለአዲስ አበባ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት 0.05 ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ኮድ 0.1 አደረገው፤ እጥፍ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ እኔ ያሰብኩት ያንን ማት ነው። ቢቀጠል እንኳ «ካቆምንበት» አይቀጠልም፤ ስሌቱ ከሥር ይጀመራል።

ኒውዮርክ ያለውን ሁለተኛውን የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ ለወጣት መሐንዲሶች አነሣለሁ። መሠረቱ በኖርማን ፎስተር ዲዛይን ተሠርቶ ከመንገዱ እኩል ሲደርስ ተከራይ ጠፍቶ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት የሚዲያ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታችን ይሁን ብለው በቢያርከ ኢንግልስ ቢሮ አዲስ ዲዛይን ወጣ፤ በ2016 መጀመሪያ ሐሳባቸውን ለወጡ። አዲሱ ዲዛይን ቀድሞ ለሌላ ሕንፃ በተቀበረ መሠረት ላይ ለመቀመጥ መታገል ነበረበት። ቢሆንም ያ ጉቶ ባለቤት አላጣም፤ የባቡር ጣቢያው አየር ማስተላለፊያ ስላለበት ሰው ይከታተለዋል።

ካራካስ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በባንክ ቀውስ ቆሞ የቀረው የፋይናንስ ማዕከል፣ «የዳዊት ግንብ» የሚሉት፣ በ2018 መሬት ሲንቀጠቀጥ አናቱ ላይ ያሉት ፎቆች ጎበጡ።

ማቆም ነውር አይደለም። ንግድ ባንክ የ209 ሜትሩን ሕንፃ በየካቲት 2014 ካስመረቀ ወዲህ ሁሉም ቁመት አማረው፤ ሁሉም ግን አቅሙ እኩል አይደለም። እኔ የምለው ማቆምም በጀት ያለው ሥራ ይሁን፣ ኃላፊ ይመደብለት፣ መለኪያው በየሳምንቱ ይነበብ ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ይህን ማንሣት የኔ ድርሻ ነበር። አላነሣሁም።

በሰኔ መጀመሪያ ለነዳጅና ለአንከር ፍተሻ የሚሆን ገንዘብ በደብዳቤ ጠየቅኩ። ሐምሌ ተጋምሷል፤ መልስ የለም። የሳይቱ ዘበኛ ማታ ማታ የውሃ መለኪያ ጉድጓዱ ውስጥ ገመድ ሰድደው ይደውሉልኛል። የማቱ ግርጌ 15 ሜትር ላይ ነው። ትናንት ገመዱ 12 ሜትር ላይ ረጠበ።