ንድፉ አብሮት የሚመጣ ዕቃ

የድሮ ሬዲዮ ጀርባ ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ያስታውሰዋል። በብዙዎቹ ውስጥ የሬዲዮው የኤሌክትሪክ ንድፍ በወረቀት ታትሞ ከሣጥኑ ጋር ተለጥፎ ነበር። የትኛው ሬዚስተር የት እንደሚገባ ጠጋኙ ከዚያው ያነብባል። ዛሬ ከምንገዛቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ እንዲህ አይደሉም። የቻርጀሩ ሽፋን በማጣበቂያ ታሽጓል፤ በአንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የቺፑ ቁጥር ሆን ተብሎ ተፍቋል። ስለዚህ ሲበላሽ ይጣላል።

ክፍት ሃርድዌር የሚባለው አሠራር ይህን ይቃወማል። ዕቃውን የሠራው ሰው ወይም ድርጅት ንድፉን፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩንና የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ለሁሉም ያወጣል። ማንም ሰው ያጠናዋል፣ ይለውጠዋል፣ እሱኑ መልሶ ሠርቶ ይሸጠዋል፤ ይህን የሚፈቅደው ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረ ፈቃድ ነው። ዕቃው በገንዘብ ሊሸጥ ይችላል፤ የማይደበቀው አሠራሩ ነው። ጥቅሙን ብዙ ሰው በርካሽነቱ ይለካዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው፦ ሲበላሽ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት፣ ሳይስማማን ሲቀር ደግሞ ለራሳችን ቤት እንዲሆን ማስተካከል እንችላለን።

የዚህ አሠራር ዋና ምሳሌ አርዱዊኖ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በሰሜን ጣሊያን፣ ኢቭሬያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢቭሬያ የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና የተወለደባት ከተማ ናት። እዚያ በነበረ የዲዛይን ተቋም የሚማሩ ተማሪዎች ለሥራቸው የሚያገኙት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ወደ 100 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ኢንጂነር ላልሆነ ሰውም አስቸጋሪ ነበር። ኤርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ተማሪ በ2003 የማስተርስ ጥናቱ አድርጎ ዋይሪንግ የተባለውን ቀላል ሰሌዳና የፕሮግራም መጻፊያ ሠራ። በ2005 የተቋሙ መምህር ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ በዚያ ላይ ተመሥርተው ይበልጥ ርካሽ የሆነውን አርዱዊኖን አወጡ። የባራጋን ድርሻ ለረጅም ጊዜ በሚገባው ልክ ሳይነገርለት በመቅረቱ እዚህ ስሙን ማንሳት ተገቢ ነው።

ንድፉን ክፍት ያደረጉበት ምክንያት ተግባራዊ ነበር። ተቋሙ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ሥራቸው ከተቋሙ ጋር ተቆልፎ እንዳይቀር ሰጉ። ስለዚህ ንድፉን ለሁሉም ለቀቁት፣ ለራሳቸው ያስቀሩት የንግድ ስሙን ብቻ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ሌላ ስም የለጠፉ ተመሳሳይ ሰሌዳዎች በርካሽ የሚሸጡት በዚሁ ፈቃድ ነው። ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ የቺፕ ኩባንያ አርዱዊኖን ለመግዛት መስማማቱን በጥቅምት 2025 አስታውቋል። ባለቤቱ ቢለዋወጥም ከዚህ በፊት የወጡት ንድፎች በሰው እጅ ናቸው፤ የተሰጠው ፈቃድም ተመልሶ አይነጠቅም።

ከአርዱዊኖ ሰሌዳዎች በስፋት የሚታወቀው ሞዴል ኡኖ ይባላል። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ሰሌዳ ሆኖ ፕሮግራም የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት፣ ለጊዜያዊ ሥራ ደግሞ 2 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ አለው። ከማንኛውም ርካሽ ስልክ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሆኖም ለክቶ ለመወሰንና ማብሪያ ለማብራት ከበቂ በላይ ነው። ሙቀት፣ ርቀት ወይም ብርሃን በሴንሰር ይቀበላል፤ በተጻፈለት ትእዛዝ መሠረት አምፖል፣ ደወል ወይም ሪሌይ የሚባለውን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ያንቀሳቅሳል። ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተር በዩኤስቢ ገመድ አንዴ ከጫኑለት በኋላ ኮምፒዩተሩ አያስፈልገውም። ርካሾቹን ሰሌዳዎች የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ብዙዎቹ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኛቸው ቺፕ የተለየ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሰሌዳውን አላየውም ሊል ይችላል። ሰሌዳው ተበላሽቷል ከማለት በፊት ለዚያ ቺፕ የሚሆነውን ድራይቨር መጫን ነው።

ነገሩን በአንድ ሥራ እንየው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ቤት መሬት ላይ አንድ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ሮቶ አለው፤ በመሃላቸው ፓምፕ አለ። ሰው ረስቶት ላይኛው ሮቶ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ወይም ታችኛው ደርቆ ፓምፑ ያለ ውኃ ይሽከረከርና ይቃጠላል። የውኃውን ከፍታ ለክቶ የሚናገር መሣሪያ ለጀማሪ የሚመጥን ሥራ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለት ሽቦ ውኃው ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ማለፍ አለማለፉን ማየት ነው። ይሠራል፤ ግን አይዘልቅም። ባለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ አንደኛውን ሽቦ ይበላዋል፣ መዳቡም የምንጠጣው ውኃ ውስጥ ይገባል። ይልቅ ውኃውን ሳይነካ በድምፅ የሚለካ ሴንሰር ክዳኑ ላይ ቢገጠም ይሻላል። ይህ ሴንሰር ጆሮ የማይሰማው፣ በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ የውኃውን ገጽ መትቶ ሲመለስ የወሰደውን ጊዜ ይነግረናል።

ስሌቱ በእጅ የሚሠራ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ሴንቲሜትር ለመሄድ 29 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ደርሶ ለመመለስ 58። ስለዚህ ሴንሰሩ የሰጠውን ቁጥር ለ58 ማካፈል ነው። 5,800 ማይክሮሴኮንድ ካነበበ ውኃው ከክዳኑ አንድ ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ልኬቱ ይዛባ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት እንጂ የቦታው ከፍታ አይደለም። በብርዱ ሌሊትና በሞቃቱ ቀን መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሜትር ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለሮቶ ይህ ምንም አይደለም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ርካሹ ባለ ሁለት ዓይን ሴንሰር እርጥበት አይችልም፤ ሮቶ ውስጥ ያለው ላበት ቶሎ ይገድለዋል። ውኃ የማያስገባው ዓይነት አለ፤ እሱ ደግሞ ከ20 ወይም 25 ሴንቲሜትር የቀረበውን ነገር በትክክል አያነብም። ስለዚህ ውኃው ሞልቶም ቢሆን ከሴንሰሩ ከዚያ በላይ እንዲርቅ አድርጎ መግጠም ያስፈልጋል። ከግድግዳውና ውኃ ከሚገባበት ቱቦም ይራቅ፤ የሚወርደው ውኃ ገጹን ስለሚያናውጠው ቁጥሩ ይዘላል። መፍትሔው አምስት ጊዜ ለክቶ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ የመሃለኛውን መውሰድ ነው። አማካይ ቢወሰድ አንድ የተሳሳተ ልኬት ብቻውን ውጤቱን ይጎትተዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ በ5 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ሰው አይጎዳም። ሥራውን እዚህ ላይ ማቆምም ይቻላል፦ ሮቶው ሲሞላ ደወል ይጮኻል፣ ሰውየው ሄዶ ፓምፑን ያጠፋል። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንን ነው። ሰሌዳው ራሱ ፓምፑን እንዲያጠፋና እንዲያበራ ከተፈለገ የ220 ቮልት መስመር ይመጣል፤ እሱን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው። ገበያ ላይ የሚገኘው ትንሹ ሰማያዊ ሪሌይ ጀርባው ላይ 10 አምፔር ተብሎ ቢጻፍበትም ለፓምፕ አያስተማምንም፤ ሞተር ሲነሣ በመደበኛነት ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባልና የሪሌዩ ጥርሶች ተጣብቀው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ሰሌዳው አጥፋ ቢልም ፓምፑ አይጠፋም። ትንሹ ሪሌይ ኮንታክተር የሚባለውን ትልቁን ማብሪያ ይዘዝ፣ ፓምፑን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ይሁን።

ፕሮግራሙ ውስጥ ማብሪያውና ማጥፊያው አንድ ቁጥር እንዳይሆኑ። ሁለቱም ከሴንሰሩ 35 ሴንቲሜትር ላይ ከተደረጉ ውኃው ትንሽ በተናወጠ ቁጥር ፓምፑ ይበራል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። ውኃው ከሴንሰሩ አንድ ሜትር ሲርቅ ፓምፑ ይነሣ፣ 35 ሴንቲሜትር ሲቀረው ይቁም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰሌዳው ከዜሮ ስለሚጀምር የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ትእዛዝ ፓምፑን ማጥፋት መሆን አለበት። ታችኛው ሮቶ ውስጥ ደግሞ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይግባ፤ ውኃው ሲያልቅ ሰሌዳውን ሳይጠይቅ የኮንታክተሩን መስመር ይቁረጥ። ፕሮግራም ሊሳሳት ይችላልና ፓምፑን በእሱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። መብራት በሌለበትም ደወሉ እንዲሠራ ሰሌዳውን በፓወር ባንክ ለማስነሣት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ አብዛኞቹ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ይህን የሠራ ሰው ሙሉ በሙሉ ራሱን ቻለ ማለት ግን አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። የኡኖ ንድፍ ክፍት ቢሆንም መሃሉ ላይ የተቀመጠው ቺፕ የፋብሪካው ንብረት ነው፣ ቤት ውስጥም አይሠራም። ሴንሰሩ በአብዛኛው ከቻይና ይመጣል። የምናተርፈው በጥገናውና በለውጡ በኩል ነው። ሴንሰሩ ሲሞት ፈትተን ሌላ እንገጥማለን፤ ሮቶው ሲቀየር ሁለት ቁጥር እናስተካክላለን፤ ጎረቤት ሲፈልግ ያንኑ እንሠራለታለን። ከፋብሪካ ተዘግቶ የመጣ መቆጣጠሪያ ይህን አይፈቅድም።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚለካው መልቲሜትር ነው፤ ከሶልደር ማድረጊያውም ይቀድማል። ሶልደር ሳያደርጉ ሽቦ እየሰኩ የሚሞክሩበት ብሬድቦርድ አለ፣ ሳይለኩ የሚሠሩበት መንገድ ግን የለም። አንድ ቀይ ኤልኢዲ እንኳ 5 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። እሱ ራሱ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል፣ የቀረውን 3 ቮልት የሚሸከም 220 ኦም ሬዚስተር ሲገባ በውስጡ የሚያልፈው ወደ 14 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ይህም ለኤልኢዲውም ለሰሌዳውም ይስማማል።

የሠሩትን ማካፈልም የሥራው አካል ነው። ፎቶ መለጠፍ ብቻውን ክፍት ሃርድዌር አያሰኝም፤ ሌላው ሰው ያንን አይቶ መሥራት አይችልም። የሽቦ ንድፉ፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩ፣ ፕሮግራሙና ፈቃዱ አብረው መውጣት አለባቸው። ንድፉን ለመሣል ኪካድ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጄኔቭ አጠገብ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን እድገቱን አግዟል። ሰርን ራሱ ለሃርድዌር የሚሆን ፈቃድ በ2011 አውጥቷል፤ አሁን ያለው ዝግጅት ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ለውጥ አድርጎ ያሰራጨ ሰው ለውጡን መልሶ ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል፣ ሌላው ይህን አያስገድድም፣ ሦስተኛው በመሃል ነው። ለሮቶው መቆጣጠሪያ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ አንዱ ሰፈር ያሻሻለው ወደ ሌላው ሰፈር እንዲደርስ። ከንድፉ ጋር በአማርኛ አንድ ገጽ ይጨመርበት፦ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ሴንሰሩ ከክዳኑ በምን ያህል ከፍታ እንደተገጠመ፣ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደተበላሸና በምን እንደተተካ።