ዓሣ ላይና ታቹን በምን ይለያል?

የሞተ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በሕይወት ያለው ግን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ይውላል፣ ያድራል። ይህ ያለ ድካም የሚሆን አይደለም። የብዙ ዓሦች ክብደት ወደ ጀርባቸው ስለሚያደላ ለአፍታ ቢዘናጉ ይገለበጣሉ፤ ቀጥ የሚሉት ክንፋቸውን በየቅጽበቱ እያስተካከሉ ነው።

ለክንፉ የመጀመሪያው መሪ ዓይን ነው። ዓሣ ብርሃን ወደሚመጣበት ጀርባውን ይሰጣል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤሪክ ፎን ሆልስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ብርሃኑን ከጎን ቢያበራ፣ ዓሣው ወደ ብርሃኑ ዘመም አለ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልዞረም። ወደ ታች የሚስበውን ክብደት የሚነግረው የጆሮው ክፍል አላስኬደውም። ያ የጆሮ ክፍል ሲወጣ ግን ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ወደ መብራቱ አዞረ።

በአባያ ሐይቅ ይህ ጆሮ ትልቅ ዋጋ አለው። ከአርባ ምንጭ ቁልቁል ሲያዩት ውሃው በደለል ቀልቶ ይታያል፤ ብርሃን ብዙም አይዘልቀውም። ጎረቤቱ ጫሞ ከእሱ ይልቅ የጠራ ነው። የዓሣ ጆሮ ከውጭ አይታይም፤ ራስ ቅሉ ውስጥ ነው። ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች መዞርን ይለያሉ። ከእነሱ ሥር ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ጠጠሮች ጥቃቅን ፀጉር ባላቸው ሕዋሳት ላይ ተቀምጠዋል። ዓሣው ሲያጋድል ከአካሉ የሚከብደው ጠጠር ፀጉሮቹን ያጎብጣል፤ አንጎልም ወዲያው ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ስካይላብ በተባለው የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ክብደት አልባ ሲሆኑ እየተጠማዘዙ በክብ ይዋኙ ጀመር። ውለው አድረው ግን ጀርባቸውን ወደ መብራቱ ሰጥተው ተረጋጉ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ ጠጠሩ ዝም ሲል ዓይን ይተካዋል።

በዓሣ ጎን ከራስ እስከ ጭራ የተዘረጋው መስመር ደግሞ የውሃውን እንቅስቃሴ ይሰማል፤ ዓሣው በጨለማም ከወራጁ አንጻር ቀጥ የሚለው በእሱ ጭምር ነው። አምባዛ ከዚህም አልፎ በጢሙ ጭቃውን ይቀምሳል፣ የሌሎች እንስሳትን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በቆዳው ይለያል። ለማታ አደን የተፈጠረ ነው።

ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ የምትወርዱ የባዮሎጂ መምህራን፣ ስትመለሱ የናይል ፐርች ራስ ይዛችሁ ውጡ። ራስ ቅሉን ከፍታችሁ ነጮቹን ጠጠሮች ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። ጠጠሩን ቆርጣችሁ ብታለሰልሱትና በማይክሮስኮፕ ብታዩት፣ የዓሣ ባለሙያዎች ዕድሜ የሚቆጥሩባቸው ቀለበቶች እዚያው አሉ።