አቤቱታና ዝምታ በንግድ ቤት

ጸሓፊ ወይም ገንዘብ ተቀባይ የሆነች ሠራተኛ፥ አለቃዋ ያለ ፈቃዷ በቃልም ሆነ በእጅ ሲተናኮላት፥ ለሠራተኞች አስተዳደር ክፍል ታመልክት ወይስ ዝም ትበል የሚለው ሐሳብ እጅግ ያስጨንቃታል። እንጀራዋ እንዳይቋረጥ ትፈራለች፤ ስሟም በክፉ እንዳይነሣ ትሠጋለች።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ መብትን ያስቀራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚደነግገው፥ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ጾታዊ ትንኮሳ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ለማቋረጥ ይችላል፤ ነገር ግን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ይህ መብቱ ይቀራል። ተንኳሹ ሌላ ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ለአሠሪው ማስታወቁ ይጠቅማል፤ አሠሪው ሰምቶ በጊዜው ተገቢውን እርምጃ ባይወስድ፥ በዚህ ምክንያት ሥራውን የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ ይገባዋልና። ስለዚህ ቀኑን፥ ቦታውንና የተባለውን ጽፎ መያዝ፥ የማመልከቻውንም ግልባጭ ማስቀረት ብልኅነት ነው።

ነጋዴውም በበኩሉ፥ የአስተዳደር ክፍል የሌለው ባለ ሱቅ እንኳ ቢሆን፥ አቤቱታ የሚቀበል የታመነ ሰው ይሰይም፤ አመልካቿንም ስላመለከተች ከሥራ አያርቃት። የሒሳብ ጉድለት በወቅቱ ሲታወቅ እንደሚታረም ሁሉ፥ በጊዜው የተሰማ አቤቱታም ቤቱን ከክስና ደኅና ሠራተኛ ከማጣት ያድነዋል።