ለጠባቂው ውሻ ተቅማጥ የከብት መድኃኒት አይሰጥ

በብዙ የማድለቢያና የወተት ላም ግቢዎች ጠባቂው ውሻ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የሚታሰበው ለከብት ተገዝቶ የተረፈው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። የመኖ መጋዘኑን ከአይጥ የምትጠብቀው ድመትም ከዚህ አታመልጥም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ድንገተኛ ተቅማጥ ያለ አንቲባዮቲክ በጥቂት ቀናት ይሻላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተሰጠ መድኃኒት ግን ሌላ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

በውሻና በድመት አንጀት፣ በተለይም በትልቁ አንጀት፣ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠቃሚ ናቸው። ሳይፈጭ የቀረውን ምግብ አብላልተው የሚያወጡት አሲድ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። ቦታውንና ምግቡን ስለሚሻሙም በሽታ አምጪዎች በቀላሉ አይስፋፉም። በውሻ አንጀት የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ሂራኖኒስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከጉበት የሚመጣውን የሐሞት አሲድ ይለውጣል። የተለወጠው አሲድ ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያግዛል።

አንቲባዮቲክ ጎጂውንና ጠቃሚውን አይለይም። ጤነኛ ውሾች ሜትሮኒዳዞል ለ14 ቀን ተሰጥቷቸው በተደረገ ሙከራ፣ የአንጀታቸው ባክቴሪያ መድኃኒቱ ከቆመ ከ4 ሳምንት በኋላም ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም በእዳሪ አማካይነት ወደ ሰውና ወደ ከብት ሊተላለፉ ይችላሉ።

ሌላው የተቅማጥ መነሻ የምግብ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ከሣር ወደ እህል በአንድ ጊዜ የተዛወረ በሬ እንደሚታመም አድላቢ ሁሉ ያውቃል። ባክቴሪያዎቹ አዲሱን ምግብ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ለውሻና ለድመትም እንዲሁ ነው፤ አዲሱን ምግብ ከቀድሞው ጋር እየቀላቀሉ በ7 ቀን ገደማ ቀስ በቀስ መቀየር ይበጃል። ከእርድ የተረፈ ሆድ ዕቃ ደግሞ በደንብ ሳይቀቀል መሰጠት የለበትም፤ ጥሬው ሳልሞኔላና የጥገኛ ትል እጭ ሊይዝ ይችላል።

ቀላል ተቅማጥ የያዘው ጎልማሳ ውሻ ንጹሕ ውኃ እንደ ልብ ያግኝ፤ የተቀቀለ ሩዝና ስብ የሌለው ሥጋም በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ስለሆነ አይጨመር። እዳሪው ደም ካለበት፣ እንስሳው ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከደከመ ግን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ግድ ነው። ያልተከተበ ቡችላ ካስቀመጠው፣ በቀናት ውስጥ ሊገድል የሚችለው ፓርቮ ሊሆን ስለሚችል ማዘግየት አይገባም። ከአንድ ቀን በላይ ምግብ እምቢ ያለች ድመትም ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ፈጥና ትታይ።