ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ አጎበር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ፣ ገበያው ሲበተን መድኃኒት ቤቴ ይሞላል። ከሙዝ እርሻ የሚመለሰው፣ ከሐይቁ ዳር የሚገባው፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ የሚሮጠው፣ ሁሉም ሳይጨልም ጎራ ይላል። ባለፈው መስከረም ለባለቤቱ የደም ግፊት ክኒን ሊወስድ የመጣ አንድ የሙዝ ገበሬ መደርደሪያው ላይ ያለውን የቢንቢ ማባረሪያ ሎሽን በአገጩ ጠቆመኝና፣ «እህቴ፣ ይኼ ነገር ፕላስቲክ ያቀልጣል አሉ። ፕላስቲክ ያልማረ የእኔን ቆዳ ይምራል?» አለኝ።

እዚህ መደርደሪያ ፊት 17 ዓመት ቆሜያለሁ። ይህ ፍርሃት የብዙ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አብዛኛው ሰው አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። ጠርሙሱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። የጠየቀኝን ሰው ስለዚህ አከበርኩት።

«ጋሼ፣ እውነት ነው፤ ያቀልጣል» አልኩት። የእጅ ሰዓቴንም አሳየሁት። ፊቱ መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ ነው፤ ሎሽን በነካው ጣቴ ስነካካው ደብዝዟል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ዲት ይባላል። አንዳንድ ፕላስቲክን፣ የጥፍር ቀለምን፣ የመነጽር ፍሬምን የማሟሟት ጠባይ አለው። ጥጥን፣ ሱፍንና ናይለንን ግን አይነካም። ቆዳችንም ከፕላስቲክ የተሠራ አይደለም። ከተቀባነው ጥቂቱ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ጉበት ይሰባብረዋል፤ ከሽንት ጋር ይወጣል።

ዲት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ወታደሮቹን ከቢንቢ ለመጠበቅ መጠቀም የጀመረው በ1946 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሕዝብ እንዲጠቀምበት የተፈቀደው ደግሞ በ1957። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ሰው ቀብቶታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1998 መርምሮት፣ በ2014 እንደገና አይቶት፣ መመሪያውን ተከትለው ለሚጠቀሙበት ሰዎች የሚያሰጋ ነገር እንዳላገኘበት ገልጿል። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን ያሳረፈው በታይላንድና በምያንማር ድንበር አካባቢ የተደረገውና በ2001 የታተመው ጥናት ነው። ጥናቱ 897 ነፍሰ ጡሮችን ያካተተ ነበር። በእርግዝናቸው በሁለተኛው ወይም በመጨረሻው ሦስት ወር ላይ ከነበሩት ከእነዚህ ሴቶች ከፊሎቹ 20 በመቶ ዲት ያለበት ቅባት በየቀኑ ተቀቡ። ልጆቻቸው ሲወለዱም፣ ዓመት ሲሞላቸውም ቅባቱን ካልተቀቡት እናቶች ልጆች የተለየ ጉዳት አልታየባቸውም። ወባ ባለበት ቀበሌ የምትኖር ነፍሰ ጡር ወደ እኔ ስትመጣ የምነግራት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ለእሷም ለጽንሱም አስፈሪው ወባው ነው።

ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ አንዳንድ ሰው ቆዳው ይቀላበታል፤ ልጅ ከጠጣው ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ነገር ነው። ከባድ ችግር ደረሰባቸው ተብለው ከተመዘገቡት ጥቂት ሰዎች ብዙዎቹ የጠጡት ወይም ያለ ልክ ደጋግመው የቀቡት ናቸው።

እኔን ከዲት ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የእርሻ ጸረ ተባይ በውኃ አቅጥነው እግራቸውን የሚያብሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። የበረሮ መግደያ ስፕሬይ ልብሳቸው ላይ ረጭተው የሚወጡም አሉ። «ቢንቢን ከገደለ ያባርራታል» ይላሉ። ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም። የሚቀባው ማባረሪያ ቢንቢን አይገድልም፤ ቆዳችን ላይ እንዳታርፍ ያደርጋታል እንጂ። የእርሻ ጸረ ተባይ ግን ነርቭን የሚመታ መርዝ ነው፤ በቆዳም ይገባል፤ ሰውንም ይገድላል። እባካችሁ፣ ለሰው ቆዳ ተብሎ ያልተዘጋጀ ነገር ቆዳችሁ ላይ አታሳርፉ።

የምትነክሰው ሴቷ ቢንቢ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማሳደግ ደም ትፈልጋለች። ከሩቅ የምትስባት የምናወጣው ትንፋሽ ነው፤ ስትቀርብ ደግሞ የላባችን ሽታና የሰውነታችን ሙቀት ይመራታል። ዲት ይህን የማሽተት ችሎታዋን ያደናግርባታል፤ በእግሯ ስትነካውም ትሸሻለች። ይህ የሚሆነው ግን የተቀባው ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ያልተቀባ ቦታ ካገኘች እዚያው ትነክሳለች። ሰዉ ደግሞ ሎሽኑን እንደ ሽቶ ነው የሚቀባው፦ ከጆሮ ኋላ ጠብ፣ አንገት ላይ ጠብ፣ እጅ ላይ ጠብ። እግሩ ነጠላ ጫማ ውስጥ ባዶውን ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ መደርደሪያ ፊት ከምናገረው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር እግር ነውና። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ናት። በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ይህችው ትንኝ ተቀምጦ ያለን ሰው የት እንደምትነክስ ሲከታተሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታርፈው ቁርጭምጭሚትና እግር ላይ ሆኖ አገኙት። የምትመጣው መሬት ለመሬት ነው። አሁን የእኛን ምሽት አስቡት፦ ደጅ ላይ ዱካ፣ የቡና ረከቦት፣ ባዶ እግር፣ ወሬ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናትም አራቢየንሲስ ከቤት ውጭና ሰው ሳይተኛ ገና በጊዜ መንከስን እያዘወተረች እንደመጣች አሳይቷል። አጎበር ከሁሉ የሚበልጥ መከላከያ ነው፤ ግን አጎበር ውስጥ የምንገባው 4 ሰዓት ላይ ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ጠባቂ የለውም። የሚቀባው ማባረሪያ ቦታው እዚያ ነው።

ማባረሪያ የተባለ ሁሉ እንደማይጠብቅ ግን የተማርኩት በልጄ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የቢንቢ መከላከያ የተባለ የጎማ አምባር ላከችለት፤ ጥሩ የሎሚ ሽታ ያለው፣ አረንጓዴ። ልጁም ወደደው። አንዱን በእጁ፣ አንዱን በእግሩ አሰርኩለት፤ ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ማንጎው ሥር ሲቀመጥ ተጠበቀልኝ ብዬ ልቤን ጣልኩ። በጥቅምት አጋማሽ ትኩሳት ያዘው። ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም ሆኖ ተገኘ፤ ገዳዩ ዓይነት ማለት ነው። ሦስት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጬ አነጋሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ከዚያ በኋላ ስለ አምባሩ ፈልጌ ሳነብ በአሜሪካ የተሠራና በ2002 የታተመ ጥናት አገኘሁ። በጎ ፈቃደኞች ማባረሪያ ተጠቅመው ክንዳቸውን ቢንቢ የሞላበት ሣጥን ውስጥ ያስገቡ ነበር። 23.8 በመቶ ዲት ያለው ቅባት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ጠበቃቸው። አምባር ያሰሩት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተነከሱ። እህቴ በፍቅር ነው የላከችው፤ እኔ ግን መድኃኒት የምሸጥ ሰው ሆኜ ሽታውን አምኜ ነበር።

ስለ ዕፅዋቱም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጠጅ ሣር ይሸታል፤ ከዘመዶቹ የሚወጣው የሲትሮኔላ ዘይትም ቢንቢ ያባርራል፤ ነገር ግን ቶሎ ይተናል። በዚያው ጥናት የሲትሮኔላ ቅባቶቹ 20 ደቂቃ እንኳ አልቆዩም። ነጭ ሽንኩርት መብላት ምንም አይረዳም። ወይራ ማጨስ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ጭሱ ግን ለሕፃን ሳንባ ጥሩ አይደለም። ከዕፅዋት ወገን ሙሉ ልቤን ሰጥቼ የምሸጠው ከሽቶ ባሕር ዛፍ የሚዘጋጀውን፣ ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገር ያለውን ነው። እሱ እንደ መጠኑ ሰዓታት ይቆያል። ቅጠሉን ጨምቆ መቀባት ግን እሱ አይደለም፤ በጥሬው ዘይት ውስጥ ያለው ፒኤምዲ ጥቂት ነው። ፒኤምዲ ያለው ቅባት ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም። ሌሎቹ ታማኞች ፒካሪዲንና አይአር3535 ናቸው። ፒካሪዲን ሽታው ቀላል ነው፣ ፕላስቲክም አያቀልጥም፤ 20 በመቶው ከዲት የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

ጠርሙስ ስትገዙ ከፊት ያለውን ሥዕል ተዉትና ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የንጥረ ነገሩ ስምና ስንት በመቶ እንደሆነ ካልተጻፈ አትግዙት። ብዙ ሰው በመቶው ሲበዛ ኃይሉ የሚጨምር ይመስለዋል። የሚጨምረው የሚቆይበት ሰዓት ነው። 10 በመቶ ዲት ወደ 2 ሰዓት፣ 30 በመቶ ወደ 5 ሰዓት ይጠብቃል፤ ከ50 በመቶ በላይ መሄድ ትርፍ የለውም። ላብና ውኃ ያሳጥረዋል። የፀሐይ መከላከያ የሚቀባ ሰው መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ የቢንቢውን ይቀባ። ቁስል ላይና ከልብስ በታች አይቀባም። አልጋ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡት፤ ከዚያ በኋላ አጎበሩ ይበቃል።

ለልጅ ስትቀቡ በራሳችሁ እጅ ላይ አድርጋችሁ ቀቡት፤ መዳፉን ዝለሉት፣ ዓይኑን ያሽበታል፣ አፉ ውስጥም ይከተዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለልጆች ከ30 በመቶ ያልበለጠ ዲት ይመክራል፤ 2 ወር ላልሞላው ጨቅላ ግን ምንም አይቀባም፣ የእሱ መከላከያ አጎበር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶች፦ ስፕሬዩ ብዙ ጊዜ አልኮል አለበት። ቡና ተቀምጣችሁ፣ ከሰሉ እየነደደ፣ አጠገቡ አትርጩ።

ቅባቱ ብቻውን የአንድን ቀበሌ ወባ ያጠፋል ብዬ አልዋሽም። በቦሊቪያ ከአጎበር ጋር ፒኤምዲ ያለበት ቅባት በየምሽቱ የተጠቀሙ ሰዎች ላይ፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት አጎበር ብቻ ከተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር በ80 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ጥናቱ የወጣው በ2007 ነው። በካምቦዲያ ደግሞ ፒካሪዲን ለመንደሮች በነጻ ታድሎ ወባው አልቀነሰም፤ ብዙ ሰው ቅባቱን ወስዶ በየቀኑ አልተቀባውም ነበርና። እኔም ይህንኑ በደንበኞቼ አያለሁ። ጠርሙሱ ቤት ውስጥ አለ፤ ሳምንት ተቀብተውት ቁም ሣጥን ላይ ይረሳል።

አዲስ ነገርም መጥቶብናል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗ ታውቋል። ይህችኛዋ ረግረግ አትፈልግም፤ ሮቶና በርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች። ወባ የገጠር ነው ብሎ የተዘናጋ የከተማ ሰው እንደገና ያስብበት። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት ዘግቧል።

ከውጭ አገር ለመስቀልና ለገና ለምትመጡ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። «እኔ እዚህ ያደግኩ ነኝ፣ ወባ ያውቀኛል» ትላላችሁ። ዓመታት ርቃችሁ ስትኖሩ ሰውነታችሁ የለመደውን ይረሳል፤ እዚያ የተወለዱ ልጆቻችሁ ደግሞ ጨርሶ አያውቁትም። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክራችሁ የወባ መከላከያ ክኒን ያዙ። ቅባቱ ክኒኑን አይተካም።

የሙዝ ገበሬው ጠርሙሱን ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው። «ተቀብተሃል?» አልኩት። «ማታ ማታ፣ እስከ ጉልበቴ» አለኝ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም እላለሁ፦ ተቀብታችሁም ቢሆን፣ አጎበር ውስጥ አድራችሁም ቢሆን፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርመሩ።